ሰው አይቆጠርም

አጎቴ ያን ቀን ከሐይቁ ዳር ወደው ነው የቀሩት? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ።

እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ያለው ማኅበራችን ሽርሽር ሲወጣ፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ ሁሉንም በየስሙ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። «ሰው አይቆጠርም፤ ይጠራል» ይሉ ነበር። በሠላሳ ዓመቴ ማንበብ ስለምድ ግን «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው የስም ዝርዝሩን ሰጡኝ።

አንድ ጊዜ አርባ ሆነን ሄደን ከጥብርያስ ሐይቅ ስንመለስ ቸኮልኩና ስም መጥራቱን ትቼ ቆጠርኩ። «አርባ! ቤሰደር፣ ያላ!» አልኩ፤ ደህና ነው፣ እንሂድ ማለቴ ነው። ለካ ሾፌሩንም ቆጥሬዋለሁ።

አጎቴ ከእኛ ኋላ በሌላ አውቶቡስ መጡ። «ማነው ትቷቸው የመጣ?» ተብሎ ሰው ሲቆጣ፣ «ማንም አልተወኝ፤ ውሃው ደስ ብሎኝ ራሴ ነኝ የቀረሁ» አሉ። እኔም ሾፌሩን መቁጠሬን ደብቄ ቤቴ ገባሁ። ለቀጣዩ ሽርሽር ዝርዝሩን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

አጎቴ ካረፉ በኋላ በወጣነው የመጀመሪያ ሽርሽር፣ ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። አጠገቡ ለነበሩት ለባለቤታቸው ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው፦ «ያኔ ሾፌሩን ቆጥሬ የተውኳቸው እኔ ነኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ለእኔም ውሃው ደስ አለኝ ነው ያሉኝ» አሉና ፈገግ አሉ። «በይ ጥሪ፣ ልጄ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ጠራሁ። ያልሰረዝኩት የአጎቴ ስም ጋ ስደርስም እንደምንም ጠራሁት።

«አቤት» አሉ ባለቤታቸው።