ከሐጂ ሰይድ በቀኝ ወይስ በግራ?

ይህ ነገር የደረሰው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በአንድ እሑድ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ነው። ልጄ ኅዳር ነበር ትላለች። ኅዳር ከሆነም ከወሩ አጋማሽ በፊት መሆን አለበት፤ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ሥጋ እንደማልቀምስ እርግጠኛ ነኝና። ስለ ቀሪው ነገር ግን ይህን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም። ገጠመኙን እስከ ዛሬ የማወጣውና የማወርደውም ስለዚሁ ነው። ጥያቄው አንድ ሰው በየትኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የሚል ሲሆን፣ ሰውየው እኔ ነኝ።

ሐጂ ሰይድ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አንድ የግንብ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤቴ ነው። እርሱ ጨርቅ ሲነግድ፣ እኔ ሳስተምር አብረን አርጅተናል። በሠርግም በሐዘንም አልተለያየንም፤ ሥጋ ግን ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም። በእኛ ዘንድ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ፣ ክርስቲያኑም የክርስቲያን እርድ ይበላል። እኔ ስደግስ ለእርሱ ወገን የሚሆነውን በግ የሚያርደው ራሱ ነው፤ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይቀርባል። በዚህ ተቀያይመን አናውቅም።

የሐጂ ሰይድ ልጅ ዘሃራ ዱባይ፣ በአንድ የጃፓን ምግብ ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርታ ተመለሰች። አባቷ ኮምቦልቻ ባለው ቤቱ ምድር ላይ ያለውን ክፍል እንዲሰጣትም ጠየቀችው። ሐሳቧ እንዲህ ነበር፦ ጥቂት ሰዎች በአንድ ረጅም ባንኮኒ ይቀመጣሉ፤ እርሷ ፊት ለፊታቸው ቆማ የበሬ ሥጋ እየቆረጠችና እየጠበሰች፣ በጃፓኖቹ ደንብ፣ ትንሽ ትንሹን በየተራ ታቀርባለች። ሌላ ምግብ የለም፤ መርጦ ማዘዝም የለም። አባቷ ደግሞ ክፍሉን ለመድኃኒት መደብር ለማከራየት ቃል ሊሰጥ ተቃርቦ ነበር። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ «እሺ፣ አንድ ጊዜ በልቼ እወስናለሁ። መምህርም ይምጣና ይፍረድ» አለ። መምህር የሚለው እኔን ነው።

ዘሃራ የእርዱን ጉዳይ አስባበታለች። ሥጋውን በራፉ ላይ መስቀል ካለበትና ጨረቃ ካለበት፣ ከሁለት ሥጋ ቤቶች ገዛች። ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት የከሰል ምድጃ አዘጋጀች። በተቀማጮቹ በኩል ሲታይ የባንኮኒው ግራ የሙስሊም፣ ቀኙ የክርስቲያን ሆነ። በግራው ጫፍ ሐጂ ሰይድ፣ ከእርሱ በስተቀኝ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ዘሃራ የምታውቃቸው ባልና ሚስት ተቀመጥን። ባልየው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱም የወንጌል አማኞች ናቸው። ባልየው ረዘም ያለ ጸሎት አደረሰ፤ ሐጂ ሰይድም መጨረሻው ላይ «አሚን» አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሐጂ ሰይድ ቀኝ ጆሮ አይሰማም። ከቀኙ ተቀምጬ ባናገርሁት ቁጥር መጮህ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የቀረበልን በሰፊ ሳህን መካከል አንዲት ቁራጭ ሥጋ ነበረች፤ እንደ ቅጠል የሳሳች፣ እሳት ያያት እንጂ ያልነካት፣ ላይዋ ላይ ጠብታ የአኩሪ አተር ስጎና ጥቂት ሰናፍጭ ያለባት።

«ልጄ፣ ይሄ ሥጋው ነው ወይስ ፎቶው?» አለ ሐጂ ሰይድ።

«ይብሉ አባ፤ ገና ሌላ ይመጣል።»

«ይመጣልስ ይመጣል፤ ከገራዶ በእግሩ ነው መሰል የሚመጣው።»

«ጥሩ ነው!» አልሁት፣ ጮክ ብዬ።

«ምን?»

«ጥሩ ነው!»

«ታዲያ ምን ትቆጣኛለህ? መች መጥፎ ነው አልኩ!»

ምላስ መጣ፤ መረቅ መጣ። ዘሃራ እጇ በሥራ ላይ ቢሆንም ዓይኗ ከአባቷ አፍ ላይ አልተነሣም። እርሱም በየተራው «ደህና ነው» ይል ነበር። ሐጂ ሰይድ በንግድ ዘመኑ «ደህና ነው» የሚለው ዳስሶ ለማይገዛው ጨርቅ እንደ ነበር እኔም አውቃለሁ፤ እርሷም ታውቃለች።

የዐሱር ሶላት ደረሰና ሐጂ ሰይድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ። እኔም፣ በዕድሜዬ ምክንያት፣ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄድሁ። ባልየው ስልክ ሊያናግር ወጣ። በዚህ መካከል ዘሃራ ቀጣዩን ምግብ ክዳን ባላቸው ሳህኖች አድርጋ በየወንበሩ ፊት ደርድራ፣ ሩዙን ልታይ ወደ ጓዳ ገባች። ይህን በኋላ የነገረችን ራሷ ናት። ባንኮኒው ዘንድ የቀረችው ሴትዮዋ ብቻ ነበረች።

ከእኔና ከሐጂ ሰይድ ማን ቀድሞ እንደ ተመለሰ አላስታውስም። ተቀመጥን፤ ክዳኑን ከፈትን። በገዛ ስቡ ውስጥ ቀስ ብሎ የበሰለ፣ ጥርስ ሳይነካው የሚፈታ ሥጋ ነበር።

«ያ ረቢ!» አለ ሐጂ ሰይድ። «መምህር፣ ይሄስ?»

«ከፊተኞቹ ሁሉ ይበልጣል» አልሁ።

«ወላሂ ይበልጣል!»

ዘሃራ ሩዙን ይዛ ስትመጣ ባዶ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ዘሃራ፣ የመድኃኒቱ ሰውዬ ሌላ ቤት ይፈልግ። ክፍሉ ያንቺ ነው። አላህ በረካ ያድርግልሽ» አላት።

ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ከአባቷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቷ ተመላለሰ።

«አባ… ቅድም የተቀመጡት እዚህ ነበር?»

«የት?»

«አሁን ያሉበት። ወይስ ጋሼ ያሉበት?»

ሐጂ ሰይድ ባዶውን ሳህን አየ። ሴትዮዋን አየ። ከዚያም እኔን።

«እኔ እንጃ። መምህርን ጠይቂው፤ የተማረ እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሥራ ዘመኔ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርገው እንዳይናገሩ ተማሪዎቼን ስመክር ኖሬአለሁ።

«በእርግጠኝነት አላስታውስም» አልሁ።

በዚያች ሰዓት እውነት ነበር። ሴትዮዋ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቀጥላ ግን ሰናፍጩን እንዲያቀብሏት ጠየቀች። ያቀበላት ሐጂ ሰይድ ነው። ዘሃራም የሁለታችንን ሩዝ እጆቿን አመሳቅላ፣ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አስቀመጠችልን።

ስንነሣ ምርኩዜን ያገኘሁት ከሐጂ ሰይድ ጉልበት አጠገብ ነበር። ሰው አንቀሳቅሶት ሊሆን ይችላል።

ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ሐጂ ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ፣

«መምህር፣ ዛሬ እኩሌታውን ጊዜ ድምፅህ ሸጋ ነበር» አለኝ።

«እንዴት?»

«መጀመሪያ ስትጮህብኝ ነበር። ከሶላት በኋላ አልጮህክም፤ እኔም ቃል በቃል ሰማሁህ።»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳልጮህ ከሰማኝ የተናገርሁት በደህናው ጆሮው፣ በግራው ነው። በግራው ከነበርሁ የተቀመጥሁት በእርሱ ወንበር ላይ ነው። ታዲያ እኔ ከጨረቃው ሥጋ ቤት የመጣውን፣ እርሱም ከመስቀሉ ሥጋ ቤት የመጣውን በልተናል ማለት ነው። ክፍሉንም ለልጁ የሰጠው በዚያ ጣዕም ነው።

«ምናልባት የሚጮኸው የምድጃው ማራገቢያ ቆሞ ይሆናል» አልሁት።

«ማራገቢያው ይሆናል» አለ። ቆየት ብሎም፣ «ሰው ሳያውቅ ያደረገውን አላህ ይምራል። ልጅቱ ግን በዚህ እንዳትጨነቅ፤ አብሽሪ በላት።»

«ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

«ቅድም ያልከውን። ምንም አትጨምርበት።»

ለነፍስ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። አይደለሁም አልኋቸው። «ታዲያ የምትናዘዘው ምኑን ነው?» ብለው ለጥንቃቄ ያህል ስግደት አዘዙልኝ፤ ጉልበቴን አይተውም ቁጥሩን ቀነሱት።

አሁን የዘሃራ ባንኮኒ እሑድ እሑድ ባዶ ወንበር የለውም። አባቷ ለሶላት ሲነሣ ግን ጓዳው ቢቃጠል እንኳ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሴትዮዋን አልፎ አልፎ ኮምቦልቻ አገኛታለሁ፤ ስለ ቤተሰቧ ጤና በሰፊው ጠይቄአት፣ ወሬው ወደ ምግብ ሳይሄድ እሰናበታታለሁ። ማስታወስ አለመቻል እርጅና ከሚያመጣቸው ጉዳቶች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጉዳት በመጠኑ አመሰግነዋለሁ።

እኔና ሐጂ ሰይድም እየሄድን እንበላለን፤ እርሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ክዳን ያለው ሳህን ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዘንበል ይላል።

«መምህር፣ እንደዚያን ቀኑ ነው?»

ቀምሼ አስባለሁ። እንደዚያን ቀኑ አይደለም።

«የትኛው ቀን?» እለዋለሁ፣ ጮክ ብዬ።