በጣሊያን ቤት ዝም ያልኩበት ቀን

የምንኖርበትን ቤት የጎንደር ሰው የጣሊያን ቤት ይለዋል። አንድ የጣሊያን ሹም ያሠራው ቪላ ነው። ጣሊያን ሲወጣ አንድ ባላባት ገቡበት፤ በደርግ ጊዜ ተወረሰና ቀበሌው ክፍል በክፍል አከራየው። ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ ሁለት ልጆች ይዤ ስጠይቅ፣ ሳሎኑ ደረሰኝ። ጣሪያው ከፍ ያለ ስለሆነ ልጆቼ የመጀመሪያውን ቀን እየጮሁ የድምፃቸውን መልስ ሲያዳምጡ ዋሉ። እዚያው አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሳሎኑ ጀርባ ተያይዞ ያለው የሹሙ ወጥ ቤት ለጎረቤቴ ደረሳቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። ልጆቼ ሲታመሙ አብረውኝ ያደሩት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ፍልሰታ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቤቱን ታሪክ ሊጠይቁ መጡ። ቃል የማበዛ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አፌ ተፈታ። ምድጃውን አሳየሁ፣ በረንዳውን አሳየሁ። የወለሉ ሸክላ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው አልኩ፤ ማን እንደነገረኝ አላውቅም። በሳሎኑ ስለምኖር ታሪኩም የእኔ መስሎኝ ነበር።

በመሐል እትዬ የሽምብራ ቆሎ በሰሃን ይዘው ገቡ። እንግዳ ሲመጣብኝ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ።

«እሳቸው እርስዎ ቤት ነው የሚሠሩት?» አለች ተማሪዋ።

«ብሉ እንጂ» አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም። እትዬ ሰሃኑን አስቀምጠው ወጡ።

አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው። ዋጥኩት። ሠራተኛ ያላት ሴት መምሰሉ ደስ ስላለኝ ነው የዋጥኩት፤ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ልቆርብ ተዘጋጅቼ ነበርና ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። «ለእኔ ከመንገርሽ በፊት ለእሳቸው ንገሪ» አሉኝ። ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ዝናብ እየመታኝ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆምኩ።

«ምነው ዝናብ ላይ መቆምሽ? ድንጋዩንስ የት ጣልሽው?» አሉኝ። በእኛ አገር ይቅርታ የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብያለሁ። ግን ስሚኝ። እናቴ እዚሁ ወጥ ቤት ለጣሊያኑ ሠርታለች። ሠራተኛ መባሉ አያሳፍረኝም። ያመመኝ ያንቺ ዝምታ ነው።»

በግድግዳው ላይ አንዲት ቀዳዳ አሳዩኝ። በእኔ በኩል ብርድ እንዳታስገባ በጨርቅ የወተፍኳት ነች። ጣሊያኑ እናታቸውን የሚጠራበት የደወል ገመድ ከሳሎን የሚመጣው በዚያ ነበር፤ አንዴ ሲደወል ምግብ፣ ሁለቴ ሲደወል ውኃ።

«እናቴን እስክትሞት ድረስ የትምህርት ቤት ደወል እንኳ ከተቀመጠችበት ያስነሣት ነበር» አሉ።

ተማሪዋ ስልክ ቁጥሯን ትታልኝ ስለነበር ደወልኩላት። «ልጄ፣ ሠራተኛዬ አይደሉም። ጎረቤቴ ናቸው። የቤቱንም ታሪክ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው» አልኳት።

በማግስቱ ሁለቱም ተማሪዎች መጥተው ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። ውኃ አስገብቼ ልወጣ ስል እትዬ፣ «ወዴት ነው? ቁጭ በይ፣ አንቺም ስሚ እንጂ» አሉኝ። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

ተማሪዋ መጀመሪያ የጠየቀችው የእናታቸውን ስም ነበር። ሠላሳ ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር እኔ ጠይቄ አላውቅም።