ምስጥ የበላው በሬ

የታሰርኩት በጥያቄ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የጃንሆይ መልክ ያለበት አዲስ የወረቀት ገንዘብ መጥቶ፣ ገበሬው አልቀበል ስላለ አርብ ገበያ ላይ አዋጁ በድጋሚ ተነገረ፤ ወረቀቱ ከጠገራው ብር እኩል ነው ተባለ። እኔ ያኔ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የምማር ዲያቆን ነበርኩ፤ ጨው ልገዛ ወርጄ ነው። «እኩል ከሆነ፣ ስንፈልግ መልሳችሁ ጠገራ ትሰጡናላችሁ?» አልኩ። የእውነት ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሳይመሽ «ሕዝብ አሳድመሃል» ተብዬ እስር ቤት ገባሁ።

እስር ቤት ያሉት የአገሩ ሹም የምስለኔው የእህል ጎተራ ነበር። የነቀዘ ገብስ ይሸታል። ጥግ ላይ በእግር ብረት የታሰሩ አንድ የእስቴ ገበሬ ተቀምጠዋል። ምን አድርገህ ነው አሉኝ፤ ጠይቄ አልኳቸው።

«እኔ ደግሞ ቀብሬ» አሉ።

ያረጀ በሬያቸውን ሸጠው ወይፈን ሊገዙ አስበው ኖሯል። የተከፈላቸውን ወረቀት አባታቸው ጠገራ እንደሚያኖሩት በገንቦ አድርገው ምሰሶው ሥር ቀበሩት። ከክረምት በኋላ ሲቆፍሩ ምስጥ አፈር አድርጎታል። አፈሩን ዘግነው ገበያ ወጥተው «ወረቀቱ እንደ ጠገራው አይደለም» እያሉ አሳዩ፤ የንጉሡን መልክ አዋርደሃል ተባሉ።

ቀኑ አልመሽ ሲለን፣ ነፃ የወጣ አገር በምን ይገበያይ እያልን እንከራከር ጀመር። የጣሊያኑን ሊሬ ሁለታችንም አንፈልገውም። ሽልንጉ እንግሊዝ ይዞት የመጣ ነው፤ እንግዳ ገንዘቡን ጭምር ካስለመደን መቼ ሊሄድ ነው አሉ። ጠገራው ላይ ያለችው የሰው አገር ሴት ናት። አሞሌ ጨው ዝናብ ያሟሟዋል፤ ቢከፋ ግን ወጥ ውስጥ ይገባል ብለው ሳቁ። የራሳችን የሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው፤ ምስጥ የሚበላውም እሱን ብቻ። እዚህ ላይ ስንደርስ ክርክሩን ከሊሬው እንደገና እንጀምር ነበር።

ሰኔ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሽማግሌው ወደ በሩ ስንጥቅ ተጠግተው አፈሩን አሸተቱ። የቀራቸውን አንድ በሬ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር በመቀናጆ ሊያርሱ ተስማምተው ነበር፤ ካልደረሱ ጎረቤትየው ከሌላ ጋር መቀናጀቱ ነው። ያን ሰሞን ምስለኔው አስጠራቸው። አርብ ገበያ ላይ ቆመው «ወረቀቱና ጠገራው አንድ ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» ካሉ ሊለቃቸው ነው።

«ይበሉና ይውጡ እንጂ፣ አባቴ። ሰኔ እኮ ነው» አልኳቸው።

«በዓይኔ ያየሁትን እንዴት አላየሁም ልበል?»

አርብ ዕለት እኔንም አይቶ ይማር ብለው ወሰዱኝ። ሽማግሌው እግር ብረታቸውን እየጎተቱ ድንጋይ ላይ ወጡ። ገበያተኛው ዙሪያቸውን ከበበ።

«ጎበዝ፣ ወረቀቱ የንጉሣችን ነው፤ ተቀበሉት። ግን አትቅበሩት። እኔ ቀብሬው በሬዬን ምስጥ በላብኝ» አሉ።

የሳቀ የለም። አንዲት ሴት ታዲያ የት እናኑረው ብላ ጠየቀች፤ እሳቸውም አገልግል ውስጥ አድርገው ጭስ የሚደርስበት ቦታ እንዲሰቅሉት መከሯት። ሰዉ አንገቱን አስግጎ ይሰማ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ የሚለውን ግን አላሉም፤ ምስለኔው ጠበቀ፣ ጠበቀና ወደ ጎተራው መለሳቸው። በመንገድ እግር ብረቱ እንዳይጥላቸው እጃቸውን ይዤ ሄድኩ።

እኔን ክረምቱ ሳይወጣ ለቀቁኝ። ገበያው ላይ ስደርስ ሰዉ ወረቀቱን መቀበል ጀምሯል፤ በየቤቱ ጭስ ላይ አገልግል ተሰቅሏል። ጥያቄዬን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። ከዚያ ወዲህ የገንዘቡ መልክ ስንቴ ተለወጠ፤ እኔም አርጅቼ ቄስ ሆኛለሁ። ሰው አዲስ ኖት ያለ ጥርጣሬ ሲቀበል ባየሁ ቁጥር፣ ያን ጊዜ አገራችን ያመነው አዋጁን ሳይሆን እኒያን ሽማግሌ ይመስለኛል። እሳቸው ግን ያን ሰኔ አላረሱም።