ደረቅ ብረት ያራሰኝ ማለዳ

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን በረዳት ተቀባይነት የገባሁ ዕለት፣ አለቃዬ አቶ ታምሩ አገላብጠው ያዩት የትምህርት ማስረጃዬን ሳይሆን ጉንጬን ነበር።

«ይሄን ጺም ዛሬውኑ ተላጭ» አሉኝ። «በጺም ቡና አይታወቅም።»

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። እጅን እስከ ክርን ጆንያው ውስጥ መክተት፣ ከመሃል አንድ እፍኝ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ማውጣት፣ ጉንጭ ላይ ለጠፍ አድርጎ ዓይን መጨፈን። ከቀዘቀዘ እርጥብ ነው ተብሎ ይመለሳል። እርጥብ ቡና ይሻግታል፤ አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ነበረን፤ ግን አቶ ታምሩ «ባትሪ ይጨርሳል» ብለው ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል።

እኔም በጉንጬ ዋና ተቀባይ ሆንኩ። እውነቱን ለመናገር ጠግቤ ነበር። ለጉንጬ ቅባት ገዛሁለት። በብርድ ቀን በሻርፕ ጠቅልዬው ስሄድ አውራጆቹ ጥርሴን ያመመኝ መስሏቸው «እግዜር ይማርህ» ይሉኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

አንድ ማለዳ አዴ ዘሃራ የሚባሉ ሴት ገበሬ ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ በጉም ውስጥ ሃያ ጆንያ ጀንፈል አስጭነው መጡ። እፍኝ አውጥቼ ለጠፍ አደረግኩ። በረዶ!

«እርጥብ ነው፤ ይመለስ።»

«ወላሂ ደረቅ ነው! ማድረቂያ አልጋ ላይ ስንት ሳምንት ያገላበጥኩት እኮ ነው!»

ሰማዩ ጠቁሯል፤ መኪናው ሸራ የለውም። ከተመለሱ ዝናቡ መንገድ ላይ ይይዛቸዋል፤ የዓመት ልፋታቸው ያኔ እውነትም ይረጥባል። ይህን እያየሁ «አዴ፣ ጉንጬ ተሳስቶ አያውቅም» አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ጉንጬን ትኩር ብለው አዩት። «እሺ ልጄ፤ ዓይንህን ጨፍንና ዙር።»

ዞርኩ። አንገቴ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ፈሰሰብኝ። «ኧረ ሸሚዜን!» ብዬ ዘለልኩ። አንገቴን ስጠርግ ግን እጄ ደረቅ ነው። ዞር ስል አዴ ዘሃራ ውጭ ያደረውን የሚዛን ብረት ይዘው ቆመዋል። አውራጆቹ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«ኩኖ! ይኸው! ብረቱ እርጥብ ነው?»

«ደረቅ ነው። ቀዝቅዞ ነው እንጂ።»

«ቡናዬስ?»

ሄጄ አቶ ታምሩን የቁምሳጥኑን ቁልፍ ጠየቅኳቸው።

«ጉንጭህስ?»

«ታሟል» አልኳቸው።

መሣሪያው ከሚፈቀደው እርጥበት በታች አነበበ። አውራጆቹ ሳቁ አልለቃቸው ስላለ ብዙውን ጆንያ በራሴ ትከሻ አስገባሁ። የመጨረሻው ጆንያ በሩን ሲያልፍ ዝናቡ ወረደ።

ለአዳዲስ ተቀባዮች የምለው ይህን ነው። የሰው ቆዳ እርጥበትን ለብቻው የሚለይበት ስሜት የለውም፤ ከቅዝቃዜና ከንክኪ ተነስቶ ይገምታል። በመሣሪያ ለኩ። እኔ ከዚያ ማለዳ በፊት ስንት ደረቅ ቡና እንደ መለስኩ አላውቅም።