ኑሪያና የለገ ዲማ ዳገት

ነቀምቴ ውስጥ ኑሪያ ሰይድን መልኳን ሳያይ በመኪናዋ ድምፅ የሚለያት ሰው ብዙ ነው። ከዲጋ አስፋልት ታጥፎ ወደ ለገ ዲማ በሚገባው የጭቃ መንገድ ላይ ክረምት ከበጋ ሰውና እህል የምታመላልስ እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ እዚያ ቀበሌ ትንሽ የቡና መሬት ከያዝኩ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ከጋቢናዋ ሌላ መቀመጫ አላውቅም።

ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው። እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ ወለጋ ነው፤ የወሎን አማርኛ ከእናቷ፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች እኩል ለምዳ አደገች። መንዳት ያስተማራት ባሏ ቢላል ነው። እሱ በሕመም ሲሞት አንድ የሠላሳ ዓመት ላንድክሩዘርና ሁለት ልጆች ቀሩላት። አያና አካባቢ ሰላም በጠፋ ጊዜ ልጆቿንና መራመድ ያቃታቸውን የጎረቤት ሽማግሌዎች፣ የወሎውንም የኦሮሞውንም፣ በዚያች መኪና ጭና ነቀምቴ ገባች። ስለዚያ መንገድ አንድ ቀን ብጠይቃት፣ «መኪናዋም አልቆመችም፣ እኔም አልቆምኩም» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ባለፈው ጥር የፊት ጎማዎቹ ጉልበት የሚያገኙበት የብረት ሳጥን ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ የሚጎትቱት የኋላ ጎማዎች ብቻ ሆኑ። መካኒኩ ኢቢሳ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«አዴ ኑሪያ፣ ይህ ዕቃ አገር ውስጥ የለም» አላት።

«ከሌላ አሮጌ መኪና ፍታልኛ።»

«ሌላውስ የቆመው በምን ይመስልሻል? ይህንኑ ዕቃ አጥቶ ነው እኮ!»

በበጋ እንዲሁም ቢሆን ትሄዳለች። ለገ ዲማ መግቢያ ላይ ያለው ቀይ ዳገት ግን ዝናብ ከነካው በሁለት ጎማ የሚወጣ አይደለም። ሰኔ ሲገባ መስመሩ ይዘጋል ማለት ነው። መስመሩ ከተዘጋ ደግሞ ሰፈሩ እስከ መስከረም ከገበያም ከሐኪምም ይቆረጣል፤ ኑሪያም መኪናዋን ለብረት ሸጣ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። የባሏን የከተማ ቦታ ሸጠችና በአራቱም ጎማ የምትጎትት ሌላ መኪና ልትገዛ አዲስ አበባ ወረደች። «ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው ይኑር» ብላ እኔንም ይዛኝ ሄደች።

የገባንበት የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ሦስት ነጫጭ መኪኖች ላስቲካቸው ሳይነሳ ተደርድረዋል። ኑሪያ አንዷን ዞራ ዞራ አይታ፣ ጎንበስ ብላ ሥሯን አይታ፣ ጎማዋን በእግሯ መታ መታ አደረገች።

«እነዚህ የድርጅት ናቸው እናቴ» አላት ሻጩ፤ ትሑት ጎልማሳ ነው። «ከቀረጥ ነፃ ነው የገቡት። ለግል አይሸጡም።»

«ለግል የሚሸጠውን አሳየኛ።»

«በነዳጅ የሚሄድ እንዳይገባ ከተባለ እኮ ቆየ። ድሮ የገባ ካለ በደላላ ነው።» የደላላውን ዋጋ ነገራት። ነቀምቴ ላይ ቤት ከነግቢው ይገዛል።

«ሚኒባስስ?»

«የኤሌክትሪክ አለሽ። ማታ ሰክቶ ማደር ብቻ ነው።»

«የት ነው የምሰካው?»

«ቤትሽ ነዋ!»

«ወንድሜ፣ ለገ ዲማ እኮ ገና ምሰሶ አልተተከለም። ነቀምቴም ቢሆን መብራቱ ሲሄድ እኔን አያስፈቅድም።»

ሰውዬው ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን የሚከተለውን ተናገረ። «እንግዲህ ጫካ ለሚሄድ ማን መኪና ያስመጣል? ከተማ ግቢና ሥሪ።»

ኑሪያ በጣቷ ወደ ነጫጮቹ አመለከተች። «የእነዚህ አራቱም ጎማ የሚጎትተው ለምን ተብሎ ነው? ለአስፋልት?»

አመስግናው ወጣን።

በዕድሜዬ ብዙ እጦት አይቻለሁ። የሌለ ነገር እጦት ሰውን ያስርበዋል እንጂ አያዋርደውም፤ ዝናብ ቀረ ብሎ በሰማይ ላይ ቂም የሚይዝ ገበሬ የለም። በዓይንህ እያየኸው፣ በእጅህ እየነካኸው፣ ገንዘቡንም ይዘህ «ላንተ አልመጣም» የተባልከው ነገር እጦት ግን ሌላ ነው። ያ እጦት ቀስ እያለ ውስጥህ ይገባና «እውነትም ለእኔ አይገባም» ያሰኝሃል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ወደ ነቀምቴ በሚመልሰን አውቶቡስ መስኮት እያየሁ እሷም እንዲሁ የምታስብ መሰለኝ።

መንገድ ላይ፣ አኖ ከተማ፣ ሾፌሩ ለምሳ ሲቆም ድንገት ዞር አለችና፣

«ጋሼ» አለችኝ፤ «መኪናውን አይሰጡኝም። ዳገቱ ግን የእነሱ አይደለም።»

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ዝቅ አደርገዋለሁ።»

በማግስቱ ለገ ዲማ ሄዳ ኦቦ ዋጋሪ የተባሉት ሽማግሌ ደጃፍ ቆመች። ደቦ ልትጠራ ነው። ደቦ ደግሞ የሚጠራው መሬት ያለው ሰው ነው፤ ለአረም፣ ለአጨዳ፣ ለቤት ክዳን። የጠራም ያበላል፣ ያጠጣል። በዚያ ቀበሌ አንድ ስንዝር መሬት የሌላት ሴት ለመኪና መንገድ ደቦ ስትጠራ የሰማ አልነበረም። ወሬውን ሰምቶ የተሰበሰበው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ባይሳ የሚባል አፈኛ ገበሬ ከኋላ ሆኖ፣

«መኪናሽ እግሩ ሲከዳው ተራራውን ልታስተኚው ነው?» አላት።

«አዎ፤ ይተኛ! ከተፈጠረ ጀምሮ ቆሞ አልደከመውም?»

ሳቅ ሆነ። ባይሳ ግን አልተረታም። «እሺ፣ አንቺ እስላም ነሽ። ፋርሶ፣ ጠላ የሌለበት ደቦ ምን ደቦ ነው?»

«ቀሪቦ እጠምቃለሁ። የወሎ ቀሪቦ።»

«የማያሰክር!»

«ሰክረህ ድንጋይ እግርህ ላይ ብትጥል አንተን ሐኪም ቤት የምወስድህ በየትኛው መንገድ ነው?»

ኦቦ ዋጋሪ ዱላቸውን አነሱ። «ተዉ። እኔም ጴንጤ ነኝ፤ ቀሪቦው ይሻለኛል» አሉና ወደ እሷ ዞረው፣ «ጃባዹ፣ ልጄ። በርቺ» አሏት። ቀኑ ተቆረጠ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ዳገቱን ትንሽ ቆርሶ፣ ጎማ የሚያርፍባቸውን ሁለት መስመሮች ብቻ ከላይ እስከ ታች በድንጋይ ማንጠፍ። የመጀመሪያው ቀን መኪናዋ ኢቢሳ ጋራዥ ስለነበረች ኑሪያ ምግቡን በአህያ አስጭና መጣች። ወደ ስልሳ ሰው ወጣ። ወንዶቹ ድንጋይ ፈነቀሉ፣ ሴቶቹ ጠጠር አመላለሱ፣ እኔም ሽማግሌ ነኝ ብዬ አልቀረሁም። የሁለቱን መስመሮች ርቀት ማን ይለካ ሲባል ገበሬዎቹ የሚያምኑት አንድ መለኪያ ነበራቸው፤ ቀንበር አመጡ። «ሁለት በሬ ጎን ለጎን የሚሄድበት ለሁለት ጎማ ያንሳል?» አሉ። ማንም አልተጠራጠረም። የተማርኩት እኔም አልተጠራጠርኩም።

በሳምንቱ መኪናዋ መጥታ ዳገቱ ሥር ቆመች። ግራ ጎማዋ ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ቀኙ አንድ ስንዝር ተኩል አልፎ ጭቃው ላይ ቀረ። የስልሳ ሰው የአንድ ቀን ሙሉ ላብ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

ኑሪያ ከጋቢናዋ ወርዳ ጎማውን አየች፤ ድንጋዩን አየች፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ፣ በሬ አስመስላችኋት ነው!» አለች። «አብሽሩ፣ ግራው ልክ ነው። ቀኙን ብቻ እናፍርስ።» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የመጀመሪያውን ድንጋይ ራሷ ነቀለች። ባይሳ ሁለተኛውን ነቀለ። ሲመሽ ቀኙ መስመር ቦታውን ያዘ፤ በሦስተኛው የደቦ ቀን ሥራው አለቀ።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ከለገ ዲማ ወደ ገበያ ስንነሳ መኪናዋ ውስጥ አሥራ አንድ ሰው፣ ስድስት ጆንያ በቆሎና የኔ ቡና ነበር። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ሰዉ በልማዱ ለመውረድ ተነሳ። ድሮም፣ አራቱም ጎማ በሚጎትትበት ዘመን፣ እዚህ ቦታ ወርዶ መግፋት ወግ ነበር።

«ማንም አይወርድም!» አለች ኑሪያ።

«አዴ ኑሪያ፣ ብትንሸራተትስ?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«ከተንሸራተተች አብረን እንንሸራተታለን። ተቀመጪ።»

ማርሽ አንደኛ አስገባችና ድንጋዩን ያዘች። ሞተሩ አጉረመረመ። የዳገቱ ወገብ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ የኋላ ጎማው ከድንጋዩ ሸርተት ብሎ ቀይ ጭቃ ወደ ኋላ ረጨ፤ ጎኗ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ዘመም አለ። ኑሪያ እግሯን ከነዳጁ አነሳች። ሳትቸኩል አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሰደደቻት፣ መሪውን አቀናች፣ እንደገና ነዳጅ ሰጠች። ጎማው ድንጋዩን አገኘ። ወጣን።

አናቱ ላይ ኦቦ ዋጋሪ ካባቸውን ተከናንበው ዝናብ ውስጥ ቆመው ነበር። ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው አለ። እልልታው ቀለጠ፤ ሽማግሌው ዱላቸውን ከፍ አድርገው እንድትቆም ምልክት ሰጡ። ሊመርቋት ነው።

ኑሪያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«አባ ኮ፣ ስመለስ ይመርቁኝ! ገበያው ይበተንብናል!» አለችና ሁለተኛ ማርሽ አስገባች።