ቀስቱና የሐይቁ በር

ጌም ቤት ውስጥ ያደገች ሴት ፈልጋችሁ ካጣችሁ እኔን ጥሩኝ። አባቴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር። ሰው ቴፑን ማሠራት ትቶ አዲስ መግዛት ሲለምድ፣ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለችውን ሱቁን ቴሌቪዥን ደርድሮ ጌም ቤት አደረጋት። በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለ፤ ልጇን የምትፈልግ እናት ከመንገድ ላይ ሆና እንዳታየው ነው። ሞባይል ገና ብርቅ ነበር፣ እኔም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ወደዚያ ነው፤ ሰዓቱ ያለቀበትን ማስነሣት፣ ጆይስቲክ የሚነጥቀውን መገሠጽ፣ ሲሰዳደቡ «አፍህን ያዝ!» ማለት የኔ ሥራ ነበር። ድምፄ እስከ ዛሬ ከፍ ያለው ከዚያ የተነሣ ነው፤ ባሌ ይመስክር።

ደንበኞቻችን ከኳስ ሌላ ጨዋታ አያውቁም ነበር። አባቴ ከአዲስ አበባ ካስመጣቸው ዲስኮች ውስጥ አንዱን ግን ማንም አልፈለገውም። ኳስ የለው፣ መኪና የለው። ሲከፈት ሰይፍ የታጠቀ፣ የብረት ቁር የደፋ አንድ ልጅ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር መሀል ይቆማል፤ በቃ። ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ተበላሽቷል» እያሉ መለሱለት። እኔና አባቴ ግን አየነው፣ አልተበላሸም። የት መሄድ እንዳለብን አይነግረንም እንጂ ደህና ነበር።

እሑድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ሱቁ ዝግ ነው። ያኔ የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ድረስ ከፍተን፣ እኔና እሱ ብቻ እንቀመጣለን። እናቴ ምሳ አቅርባ ስትጠራን «ስታመልኩ አርፍዳችሁ አሁን ጭራቅ ልትገድሉ?» ትለን ነበር። አባቴ «ሰላማዊ ሰዎች ናቸው፣ ጭራቅ እንኳን ብዙ የላቸውም» ይላታል። ውሸቱን ነው። ጭራቅ ሞልቷል። ገና ከመንደሯ ስንወጣ አንድ ባለ ቀንድ እንስሳ መጥቶ ጨርሶን ይሄዳል፣ እኛም እንደ አዲስ እንጀምራለን።

ማንበብ ስላልቻልን አባቴ የሰዎቹን ንግግር ራሱ ይናገርላቸው ነበር። ጉድጓድ አጠገብ ያለችውን ሴትዮ ድምፁን አቅጥኖ «ልጄ፣ ገመዱ ተቆረጠብኝ» ያሰኛታል። ጀልባው ላይ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ደግሞ የኛው ከተማ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ አደረገው፤ ስለ ቆሮሶ ዓሣ ዋጋ መውደቅ ያማርራል። እኔ በሳቅ እወድቃለሁ። ግን አባቴ ከቀልዱ ጋር አንድ ደንብ ነበረው፤ ሰላም ሳይባል የሚታለፍ ሰው የለም። «በሰው መንደር ነው ያለነው» ይላል። ስለዚህ ከደጅ እስከ ጓዳ እያንዳንዱን ሰው እናናግራለን፣ የማይገባንን ቋንቋ እየሰማን። የሚገርመው በዚህ ሁኔታ ነገሩ ይገፋልን ነበር። ትናንት ዝም ያለን ሰውዬ ዛሬ ፋኖስ ያወጣና ይሰጠናል። ለምን እንደሰጠን አናውቅም፤ ፋኖሱን ይዘን ግን ጨለማው ዋሻ ውስጥ እንገባለን። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ፋኖስ ደስ ያሰኘኝ ስጦታ ጥቂት ነው።

በሐይቁ ማዶ አንድ የድንጋይ በር ነበር። ግማሹ ውኃ ውስጥ ሰጥሟል፣ ደጃፉ ላይ በትር የያዘ ጢማም ሽማግሌ ቆሟል። ስናናግረው ሁልጊዜ ያችኑ አንድ መስመር ይለናል። በሩ አይከፈትም። በሥሩ ባለችው ስንጥቅ ግን ብርሃን ይታያል። አባቴ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የተበላሸ ሬዲዮ ያዳመጠ ጆሮ አለው፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገና ጆሮውን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ላይ ለጠፈ። ፊቱ ተለወጠ።

«ሰው አለ» አለኝ። «ይዘፍናሉ።»

እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ። በጣም ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ፣ የብዙ ሰው ድምፅ አለ። ኧረ የጌታ ያለህ! የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔና አባቴ የማናውቀው አገር ናፈቀን። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀምጬ ስለዚያ በር አስባለሁ። እሱም ደንበኛ እያስተናገደ ድንገት «ጀልባውን ብንገፋውስ?» ይለኛል፤ የምን ጀልባ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

በዚያው ዓመት አባቴን ደም ብዛት ጣለው። ጠዋት መዝጊያውን ሊከፍት ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግራ ጎኑ ግን አልታዘዝ አለው። አፉ ተጣመመ፣ ቃል ሲያወጣ ይጎተታል። ግራ እጁም ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም እጅ ነበር፣ አሁን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጡለት ይቀራል። ሱቁን እኔና እናቴ ያዝን። አንድ ቀን ማጫወቻውን ቤት ድረስ አምጪልኝ አለና ጆይስቲኩን በቀኝ እጁ ያዘው። አውራ ጣቱን ከወዲህ ወዲያ ቢያመላልስም ልጁን እያስኬዱ ሰይፍ መምዘዝ በአንድ እጅ አይሆንም። ያ ባለ ቀንድ እንስሳ መጥቶ ጨረሰው። እንደገና ጀመረ፣ ጨረሰው። አባቴ ጆይስቲኩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ግድግዳውን ማየት ጀመረ።

«እኔ እከፍትልሃለሁ፣ አንተ ታያለህ» አልኩት።

«በእጄ» አለ። «አንዴ። በእጄ።»

ይኸው ነው፤ አባቴ ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ የለመነው ነገር ያንን በር በገዛ እጁ መክፈት ነበር። ሌላ ሰው ቢሰማ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልሳቅኩም።

ዲስክ የሚያመጣልን ነጋዴ ይህን ሲሰማ በሚቀጥለው ጉዞው አንድ ነገር ይዞ መጣ። ያው ጨዋታ ነው፣ ግን በእንግሊዝኛ፣ ቀለል ተደርጎ እንደገና የተሠራ። ሞከርኩት። ልጁ ራስ ላይ ወርቃማ ቀስት አለ፣ ወዴት እንደሚሄድ ያመለክታል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ልጁ ራሱ ይሄዳል። ጭራቅ ሲመጣ ሰይፉን ራሱ መዞ ራሱ ይዋጋል። ጉድጓዷ አጠገብ ያለችው ሴትዮ አለች፤ ቀስቱ ግን ወደ እሷ ስለማያመለክት ማንም አያናግራትም። ደሜ ፈላ።

«ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ባጃጅ?» አልኩት አባቴን። «ተሳፍረህ ተቀመጥ፣ ይወስድሃል! ታዲያ ምኑን አየኸው? ምኑ ከበደህ? ምኑ ጠፋብህ? ለመድረስ ብቻ ከሆነማ ከመነሻው ለምን ይጀመራል!»

አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በዚያ በሚጎተት አፉ «ልጄ» አለኝ፣ «እኔ አሁን የምሄደው በባጃጅ ነው። በእግር መሄዱ ላንቺ ይሁን።»

አፌን ያዝኩ። ለኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም አብሬው ለማየት አልፈቀድኩም፤ ወገቤን ይዤ ወጣሁ፣ እሱ ቤት ሲጫወት እኔ ሱቅ እውላለሁ። ያንን በር ቀስት እየመራኝ ላየው አልፈለግኩም።

ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ለምሳ ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ አባቴ ወንበሩ ላይ ነው፣ ጆይስቲኩ ጭኑ ላይ።

«ከፈትከው?»

«ከፈትኩት።»

«በእጅህ?»

ቀኝ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

«ምን አለ? ከወዲያ ምን አለ?»

ራሱን በቀስታ ነቀነቀና በደህናው እጁ አፉን ያዘ፤ ሰው ተአምር ሲያይ እንደሚያደርገው። «ምን አለ በለኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ሂጂና እዪ» አለኝ። «በከባዱ። በእግርሽ።»

ከዚያ በኋላ ለመንኩት። ተቆጣሁ። አኮረፍኩ። «ከተማ ነው?» ስለው ኮርኒሱን ያያል። «እሺ ሰው አለ?» ስለው በግማሽ ፊቱ ፈገግ ይላል። እናቴን ላክሁበት፣ እሷንም «ትድረስበት» ብሎ መለሳት። ወይ አባቴ! ቃል ማውጣት የሚከብደው ሰው ዝምታን እንዲህ ይጠቀምበታል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እኔ ግን ዝም ባለ ቁጥር ይበልጥ ለማወቅ ተራብኩ። ዕድሜ ልኩን በሬዲዮ የዓለሙን ወሬ ሲሰማ የኖረን ሰው አፍ ያስያዘ ነገር ምን ይሆን?

እሑድ እሑድ አሮጌውን ጨዋታ ከፈትኩ። እሱም አጠገቤ ይቀመጣል። «በሩን እንዴት ከፈትከው?» ስለው «እንጃ፣ ቀስቱ ወሰደኝ» ይለኛል፤ ይህን ሲል እውነቱን ነበር። የአሮጌውን መንደር ቅያስ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ በቀስት የሄደበትን አንድ መንገድ እንኳ አያስታውስም። እንዲህ እያልን ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። መብራት ጠፍቶ የለፋሁበት ሁሉ ሲጠፋብኝ አለቀስኩ። አንዳንዴ ተስፋ ቆርጬ ጆይስቲኩን እወረውራለሁ፤ አባቴ በደህናው እጁ አንሥቶ ያቀብለኛል። ንግግሩም ከቀን ወደ ቀን እየተፈታ መጣ። ለጉድጓዷ ሴትዮ እንደገና ድምፅ አወጣላት፤ እንደ በፊቱ ባይቀጥንም ሳቅኩ።

በመጨረሻ ያለኝን ሁሉ ለብሼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ፤ ከዋሻ ያገኘሁት ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ራሴ ላይ ደግሞ ያው የብረት ቁር። ሽማግሌውን አናገርኩት። ያችኑ መስመር አለኝ። ደገምኩ። ያችኑ። ሰይፌን ቀየርኩ፣ ያችኑ። ልጮህ ስል አባቴ ቀደመኝ።

«ነውር አይደለም እንዴ!» አለ፣ ከልቡ ተቆጥቶ። «ሽማግሌ ፊት ኮፍያሽን አድርገሽ ነው የምታናግሪው? አውልቂ!»

ሳቄ መጣ። ለሱ ደስ ይበለው ብዬ ቁሩን አወለቅኩና በባዶ ራሴ ተጠጋሁ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ነገር ተናገረ፣ ረጅም ነገር፣ ከዚህ በፊት ያላየነው ጽሑፍ። ከዚያ በትሩን መሬት ላይ መታና ከመንገዱ ዞር አለ። የድንጋዩ በር ውኃውን እየገፋ መከፈት ጀመረ።

ደረጃ ነው። ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ። ወረድኩ፣ ዘፈኑም እየቀረበ መጣ። ታች ስደርስ ከላዬ ጣሪያው ራሱ ሐይቁ ነው፤ ውኃው ተንጣልሎ ተንጠልጥሏል፣ ብርሃን እየተሰበረ ይወርዳል፣ የመንደሯ ጀልባዎች ሆዳቸው ብቻ እየታየ ከራሴ በላይ ያልፋሉ። ከፊቴ እስከ ዓይን መድረሻ ድረስ ቤቶች፣ ዛፎች፣ መብራት የያዙ ሰዎች። ስንት ዓመት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ኖሬ ውኃን ከሥሩ አስቤው አላውቅም ነበር።

«እንዲህ ነው እንዴ!» አለ አባቴ።

እጄ ቆመ። ዞር ብዬ አየሁት። ሁለት ዓይኑ በእንባ ሞልቷል፣ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል።

«አባዬ» አልኩት፣ «አንተ አይተኸው የለም እንዴ?»

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «በኔው ጨዋታ በሩ ሲከፈት የሠሩት ሰዎች ስም መጣና አለቀ። ከወዲያ ምንም የለም። ቆርጠው ጥለውታል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ...»

«ብነግርሽ ትተዪው ነበር።»

እንግዲህ ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ አፍ መያዝ፣ ምንም ላላየበት ነገር ነበር። ከኔም በር ወዲያ አንዳች ነገር ይኑር አይኑር አያውቅም። ባዶ በር በገዛ እጁ ከፍቶ፣ ሐዘኑን ውጦ፣ እሑድ እሑድ አጠገቤ ተቀምጦ ሲጠብቅ የነበረው እሱ ነው። አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፣ አልዋሽም።

አባቴ በደህናው እጁ ትከሻዬን ገፋ አደረገኝ።

«ምን ቆመሻል?» አለኝ። «ሂጂ እንጂ፣ እኔም ልይ።»