ሳልጠይቅ የመከርኳቸው ሴት

ይህ የደረሰው በደርግ ዘመን፣ ጤና ረዳት ሆኜ ሸዋ ሮቢት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ ይመስለኛል።

አንድ ቀን እትዬ ዘሐራ የሚባሉ ወፍራም ሴት ጤና ጣቢያው መጡ። የሽንኩርት ገበሬ ሚስት፣ የአምስት ልጆች እናት ናቸው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ፣ መሬት መሬት እያዩ፣ ከባለቤታቸው ጋር መተኛት እንደከበዳቸው፣ ፍላጎታቸውም ጭራሽ እንደጠፋ ነገሩኝ። ባልየው ሁለተኛ ሚስት ስለማግባት ማውራት ጀምረዋል።

ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ውፍረት ሲበዛ ሰውነትን እንደሚያደክም፣ ስሜትንም ሊቀንስ እንደሚችል ተምሬ ነበር። ቅባት እንዲቀንሱ፣ በእግራቸው እንዲሄዱ መክሬ ሸኘኋቸው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ሲመለሱ መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። በዚያ ሙቀት በቀን አንዴ ብቻ እየበሉ፣ ከመንደራቸው ገበያ ድረስ በእግራቸው ሲመላለሱ ከርመዋል። አንድ ቀንም መንገድ ላይ ወድቀው ሰው ነው ያነሳቸው። እኔ ግን ሚዛኑን አይቼ ደስ አለኝ፤ ጎበዝ አልኳቸው።

እሳቸው አልሳቁም። "ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ፣ ልጄ። ሕመሙ ግን ወላሂ አልቀነሰም" አሉኝ።

"የምን ሕመም?"

"የመጨረሻውን ልጅ ስወልድ ተቀድጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሌ በቀረበኝ ቁጥር እንደ ምላጭ ይቆርጠኛል።"

ለምን ያን ጊዜ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው።

"አልጠየቅሽኝማ" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ላክኋቸው። እዚያ ጠባሳው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ተስተካከለ። ከወራት በኋላ ገበያ ውስጥ ተገናኘን። መለስ ብለው ወፍረዋል፣ ፊታቸውም በርቷል። ባልየው የሁለተኛ ሚስት ወሬውን እንደተዉት በጆሮዬ ነገሩኝና አመሰገኑኝ። ምስጋናው ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ።

ለብዙ ዓመታት ስህተቴን በልጅነቴና በልምድ ማነስ አሳብቤ ኖርኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስለ ውፍረት ማውራት ቀላል ነበር፤ እናቴን የሚያህሉ ሴትን ስለ መኝታቸው ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። እሳቸው ሃፍረታቸውን ውጠው ያን ሁሉ መንገድ መጡ። እኔ ግን ከወንበሬ መነሳት እንኳ ሳያስፈልገኝ ያንን አልቻልኩም። ዛሬም የሚከነክነኝ ይኸው ነው።